ከእንሰት ጓሮ እስከ ኦ ክላስ፦ የሐዲያ ልጅ የተማረባቸው ቤቶች

ጊምቢቹ የሶሮ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ከሆሳዕና በስተደቡብ ምዕራብ የምትገኝ፣ ዙሪያዋን እንሰት የከበባት ከተማ። በዚህ አካባቢ ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ስለ ልጅነት ትምህርቱ ሲጠየቅ የሚያወራው ቁራጭ ቁራጩን ነው። አንዱ የሚሲዮን ትምህርት ቤቱን ያነሣል፣ ሌላው የመሠረተ ትምህርቱን ዘመቻ፣ ሦስተኛው ትምህርቱን አቋርጦ ደቡብ አፍሪካ ስለወረደው ወንድሙ ይናገራል። ቁራጮቹ ሲገጣጠሙ አንድ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ሲመላለስ ይታያል፦ ልጁ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው እውቀትና ቋንቋ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል? እያንዳንዱ ዘመን ለዚህ ጥያቄ የየራሱን መልስ ሰጥቷል፤ አብዛኞቹ መልሶች ጥያቄው መኖሩን እንኳ ሳያውቁ የተሰጡ ናቸው።

ከ1880 በፊት፦ ጓሮው ሲያስተምር

የሐዲያ ስም በጽሑፍ ከሰፈረ ብዙ መቶ ዓመታት ሆኖታል። የሐዲያው ገራድ ልጅ እሌኒ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት ሆነው ቤተ መንግሥት ከገቡ በኋላ ሁለት መንፈሳዊ መጻሕፍት መድረሳቸው ይነገራል። ያኔ የሐዲያ ግዛት ከዛሬው በስተምሥራቅ ይሰፋ ነበርና የእሌኒን የትውልድ ቀዬ ከጊምቢቹ ጋር ማያያዝ አይቻልም። ነገር ግን ከሐዲያ ቤት ወጥቶ በሌላ ቋንቋ መማር አዲስ ነገር እንዳልነበረ ታሪካቸው ይመሰክራል።

ለተራው ልጅ ትምህርት ቤቱ ጓሮው ነበር። አፈር ውስጥ የተቀበረ አንድ አሚቾ፣ ማለትም የእንሰት ሥር፣ በአሥራዎች የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከመቶ የሚያልፍ ችግኝ ያወጣል። ችግኙ ተነቅሎ ይተከላል፤ ጠንከር ሲል እንደገና ተነሥቶ ሰፋ ወዳለ ቦታ ይዛወራል፤ ለመፋቅ እስኪደርስ እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። በዚህ ጓሮ ያደገ የስምንት ዓመት ልጅ ዘንድሮ የሚፋቀው የትኛው ረድፍ እንደሆነ፣ ታናሽ ወንድሙ ከብት መጠበቅ ሲጀምር የሚደርሰው ደግሞ የትኛው እንደሆነ ያውቃል። ዝርያዎቹንም በቅጠሉ መልክና በግንዱ ቀለም ለይቶ በስማቸው ይጠራል፤ ይህ ለቆጮ ይሆናል፣ ይህ አሚቾው ተቀቅሎ ይበላል፣ ያኛው ለመድኃኒት ነው ይላል።

ፍቅያው የእናት ሥራ ነው። እናት የእንሰቱን ግንድ ሽፋን ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ዘርግታ፣ ጫፉን በእግሯ ረግጣ፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ነጩ ፍቅፋቂ ከሥር ይጠራቀማል፣ ቃጫው እጇ ላይ ይቀራል። ልጇ አጠገቧ ቁጭ ብላ ታያለች። እናት «አሁን የማደርገው እንዲህ ነው» ብላ አታስረዳም፤ ልጅም «ለምን?» ብላ አትጠይቅም። አንድ ቀን ትንሽ ሽፋን ይሰጣታል፤ ከተበላሸባት እናት ዝም ብላ ተቀብላ ታስተካክለዋለች። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ባርባራ ሮጎፍ በጓቲማላ የማያ ሕዝቦች መካከል ስታጠና ያገኘችው ከዚህ ጋር አንድ ነው፦ እነዚያ ልጆች ትእዛዝ ሳይጠብቁ፣ የሰውን ሥራ ከዳር ሆነው በጥሞና እያዩ ይማራሉ። የዝምታውን ነገር አንባቢ ይያዘው፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ክፍል ውስጥ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል።

ወንዱ ልጅ ሒሳብን የሚማረው ከመንጋ ነው። በሐዲያ ከብቱ መቶ የሞላለት ሰው ደግሶ፣ ሕዝብ ጠርቶ ክብር የሚቀበልበት ሥርዓት ነበር። ስለዚህ መቁጠር ለአንድ እረኛ የቤቱ ክብር ጉዳይ ነው። የዘር ሐረግ መቁጠርም እንዲሁ፤ ጎሳውን እስከ ሩቅ ቅድመ አያት ድረስ በቃል የሚደረድር ልጅ ማንን ማግባት እንደማይችል፣ የማን ደም እንደሚመለከተው አብሮ ይማራል። ስለ ሐዲያ ሰፊውን የታሪክ መጽሐፍ የጻፈው ጀርመናዊው ኡልሪሽ ብራውኬምፐር ብዙ ምዕራፎቹን የገነባው ሽማግሌዎች በቃላቸው ይዘው ባቆዩት በዚህ የትውልድ ቆጠራ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የሴቶቹ አነጋገር ነው። በከምባታ፣ በሲዳማና በሐዲያ ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም መጥራት ነውር ነበር። ነውሩ በስሙ አያበቃም፦ የአማቷ ስም በ«ዳ» የሚጀምር ከሆነ በ«ዳ» የሚጀምሩ ሌሎች ቃላትንም ትታ በምትካቸው ሌላ ቃል ትጠቀማለች። ባሊሻ የሚባለውን ይህን ልማድ በከምባታ በዝርዝር ያጠናችው የቋንቋ ሊቅ ኢቮን ትራይስ፣ ሴቶቹ ለምትክነት የሚያገለግል የጋራ የቃላት ክምችት እንደነበራቸው አሳይታለች። እንግዲህ በዚህ ቤት ያደገ ልጅ ከእናቱ አንድ ቃል፣ ከአባቱ ሌላ ቃል ለአንድ ዕቃ እየሰማ ነው አፉን የሚፈታው። የእያንዳንዱን ቃል የመጀመሪያ ድምፅ ነጥሎ መስማትን ይለምዳል። ማንበብ ለመጀመር የሚያስፈልገው ችሎታም ቃልን ወደ ድምፆቹ መበተን ነው። ፊደል ያልቆጠሩ የሚባሉት እናቶች ይህንን በየዕለቱ ሲሠሩት መኖራቸውን ያስተዋለ የትምህርት ሰው እምብዛም አልነበረም።

ከ1880ዎቹ እስከ 1927፦ ፊደል በሁለት መንገድ ገባ

በ1880ዎቹ መባቻ የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ ተቃውሞ ከተሰበረ በኋላ አካባቢው በምኒልክ ጦር ሥር ዋለ። ራስ አባተ ቧያለው ዋቸሞ በምትባለው ስፍራ ከተማ ቆረቆሩ፤ በሆሳዕና በዓል ስምም ሆሳዕና ተባለች። ከጦሩ ጋር ቤተ ክርስቲያን መጣ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር የቄስ ትምህርት ቤት። ሀ ሁ፣ ፊደለ ሐዋርያ፣ ዳዊት። ዛፍ ጥላ ሥር ሆነው የሚያዜሙት ግን በአብዛኛው የነፍጠኛው ልጆች ነበሩ። የገባሩ ልጅ ጉልበቱ ለሁለት ቤት ይፈለግ ነበር፤ ለአባቱና አባቱ ለሚገብርለት። ሙስሊም በሆኑት መንደሮች የቁርኣን ትምህርት ቀድሞም ነበር፤ ልጆች በእንጨት ሰሌዳ ላይ የዐረብኛ ፊደል እየጻፉና እያጠቡ ይማሩበት ነበር።

ሁለተኛው መንገድ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ተከፈተ። በዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚመሩት የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች ወደ ደቡብ ወርደው በወላይታ ሶዶና በሆሳዕና ጣቢያ አቋቋሙ። በዚያው ዘመን ፈረንሳዊው ካፑቺን አባ ፓስካል ደ ሉሾን በከምባታ ዋሴራ የካቶሊክ ሚሲዮን መሠረቱ። ሁለቱም ክሊኒክና ማንበቢያ ይዘው መጡ፤ በሃይማኖት ባይስማሙም በዘዴ ይመሳሰሉ ነበር። የተለወጠው ነገር ማን እንደሚማር ነው። ሚሲዮኖቹ የሚፈልጉት የገበሬውን ቤት ነበርና ለመጀመሪያ ጊዜ የገባር ልጅ በፊደል ፊት ተቀመጠ።

ከ1928 እስከ 1966፦ መጽሐፉ ቤት ሲያድር፣ ቋንቋው ውጭ ሲቀር

ጣልያን አገሪቱን ከያዘ በኋላ የውጭ ሚሲዮናውያን ተባረሩ። በሆሳዕናና በወላይታ ትተዋቸው የሄዱት አማኞች ጥቂት ነበሩ፤ በወላይታ ሃምሳ እንኳ አይሞሉም። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲመለሱ በዚያ ብቻ አሥር ሺህ ገደማ አገኙ፤ በሐዲያና በከምባታም ጉባኤዎቹ በየመንደሩ በዝተው ነበር። ለዚህ መንፈሳዊውን ምክንያት አማኙ ይናገራል። ለዚህ ትረካ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ማንበብ የሚችለው ሰው ከጣቢያ ወጥቶ ወደ ቤት ገባ። ማታ ምድጃ ዙሪያ አንድ ሰው ያነብባል፣ ወደ አገሩ ቋንቋ እየመለሰ ይተርካል፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ልጅ አዋቂ ሳይል ያዳምጣል። ንባብ ከእንቆቅልሹና ከተረቱ ጎን የማታ ጨዋታ ሆነ።

ከነፃነት በኋላ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ሆና በተደራጀችው ማኅበር ሥር የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤቶች በየመንደሩ ተስፋፉ። መንግሥት ገና ባልደረሰበት ቦታ ብዙ ልጆች ፊደልን የለዩት በነዚህ ነው፤ ጎበዙ ከዚያ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ይሻገራል። የአምልኮው ለውጥ ቤቱንም ለወጠው። አማኝ የሆነ አባወራ መጠጥ ሲተው፣ ከድግስና ከለቅሶ ወጪም ሲቀንስ የተረፈው ገንዘብ ለደብተርና ለልብስ ዋለ። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከሐዲያ ዞን ነዋሪ ሦስት አራተኛው ገደማ ፕሮቴስታንት ሆኖ መገኘቱ ሥሩ እዚህ ዘመን ውስጥ ነው።

ነገር ግን በ1936 የወጣው ሚሲዮኖችን የሚመለከት ደንብ የማስተማሪያ ቋንቋው አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። የንጉሡ መንግሥት ዓላማ አንድ አገር፣ አንድ የጽሕፈት ቋንቋ ነበር፤ ለማዕከሉ ትርጉም ነበረው። ለሶሮው የሰባት ዓመት ልጅ ግን ከማለዳው ደወል ጀምሮ የሚሰማው ሁሉ ባዕድ ሆነበት። ቤቱ ውስጥ ዝም ብሎ ማየት ጨዋነት ነበር፤ ክፍል ውስጥ ዝም ያለው ልጅ «አይገባውም» ተባለ። ቋንቋው ገብቶት የወጣው ልጅ ሩቅ ሄደ፤ ዶክተርና መምህር፣ የሕዝብ እንደራሴ ሆነ። የቀሩት ብዙዎቹ አንደኛ ክፍልን እየደገሙ ወደ ከብታቸው ተመለሱ። በዚያ ዘመን ሆሳዕና ተምረው ለትልቅ ደረጃ የበቁት በቁጥር ጥቂት ሆነው በዝና የበዙት ለዚህ ነው።

ከ1967 እስከ 1983፦ እናት ደብተር ያዘች

ታኅሣሥ 1967 ወደ ስልሳ ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተሰማሩ። ዘማቾቹ የመሬት አዋጁን አስረዱ፣ የገበሬ ማኅበር አደራጁ፣ ፊደልም አስተማሩ። ገባርነት ቀረ። የልጅ ጉልበት ለሁለት ቤት መከፈሉ ያቆመውም በዚያ ጊዜ ነው፤ ስለ ትምህርት ታሪክ ሲጻፍ የመሬት አዋጁ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ለገጠሩ ልጅ ግን ከማንኛውም የትምህርት ፖሊሲ ባላነሰ ለውጥ አምጥቶለታል።

ትልቁ እጥፋት ሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በመጀመሪያ በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ ቀስ በቀስ አሥራ አምስት ደረሰ፤ ሐዲይኛና ከምባትኛ ከነዚህ ውስጥ ነበሩ። ሁሉም በግዕዝ ፊደል ተጻፉ። በዓመቱ ዘመቻው የዩኔስኮን ሽልማት አገኘ። ይህ በመንደር ሲታይ ምን ይመስል ነበር? ከሰዓት በኋላ ቀበሌው ግቢ፣ ልጅ ያዘለች እናት እግሯን ዘርግታ፣ በእንሰት ፍቅያ የሻከረ እጇ እርሳስ ይዞ የገዛ ቋንቋዋን ስትጽፍ። የገዛ ልጇ አንደኛ ክፍል ከሆነ ሁለቱ ያንኑ ፊደል ያጠናሉ። አዋቂው እየጠፋበት ልጁ ሲያርመው፣ ልጁ ሲሰንፍ እናት ስትቆጣው፣ ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ የቤተሰብ ጉዳይ ሆነ።

በጎኑ ሌላ ነገር ነበር። ዘመቻው በፈቃድ ብቻ የሚሄድ አልነበረም፤ ያልመጣ ሰው በቀበሌ ይጠየቃል። በ1970ዎቹ መጨረሻ መንደር ምሥረታው ሲመጣ ቤት ፈርሶ በመስመር እንዲሠራ ተደረገ። እንሰት ከቤት ሥር፣ ከበረቱ ፍግ እየወሰደ የሚያድግ ተክል ነው፤ ቤቱ ሲርቅ ጓሮው ጠወለገ፣ ልጁም ከጓሮው ራቀ።

በዚያው ዘመን ሆሳዕና ላይ ትንሽ የሚመስል፣ ግን ለዚህ ትረካ ብዙ የሚናገር ነገር ተሠራ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1973 ገደማ መስማት ለተሳናቸው ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈተች። መስማት የተሳነው ልጅ በጓሮ ሥራ ከማንም አያንስም፤ ማየት ይችላልና እናቱ ስትፍቅ አይቶ ይማራል። የሚጎድለው ቋንቋ ነው። ቤቱ በፍቅር የተሞላ ሆኖ ሳለ ተረቱ፣ የዘር ሐረጉ፣ ቀልዱ ሁሉ አጠገቡ ያልፋል። በነዚህ ልጆች ላይ የታየው ለሌሎቹም ያስረዳል፦ አእምሮ የሚያድገው በዙሪያው በሚመላለሰው ቋንቋ ነው፤ በምልክት ቋንቋ መነጋገር የጀመረ ልጅ ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው ጥያቄ አያልቅም። ከደቡብ ራቅ ያሉ አካባቢዎች ሳይቀሩ ልጆቻቸውን ወደ ሆሳዕና ሲልኩ ኖረዋል።

ከ1983 እስከ 1992፦ ፊደሉ ተቀየረ

ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአውሮፕላን ተጓዙ። ጉዳዩ ከሐዲያ የራቀ ይመስላል፤ ግን በዚያ የደረሰው ነገር ለጊምቢቹ ልጅ ጉዳይ ብርሃን ይፈነጥቃል። ከጎንደር ገጠር የመጡት ልጆች ሬቨን በሚባለው የቅርጽ ማዛመጃ ፈተና ሲፈተኑ ዝቅተኛ ውጤት አመጡ። እስራኤላዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሮይቨን ፎየርስታይንና ባልደረቦቹ ግን በሌላ መንገድ ሞከሩ፦ በመጀመሪያ ይፈትናሉ፣ ቀጥሎ ጥቂት ሰዓት ያስተምራሉ፣ ከዚያ ደግመው ይፈትናሉ። ከአጭር ትምህርት በኋላ የኢትዮጵያውያኑ ልጆች ውጤት በእጅጉ ከፍ ብሎ ወደ እስራኤል ተወላጆቹ ተጠጋ። ልጆቹ ያጡት ችሎታን አልነበረም። ወረቀት ላይ ያለ ቅርጽን፣ እርሳስ መያዝን፣ ከማያውቁት አዋቂ የሚመጣ «ከነዚህ የትኛው ይገጥማል?» የሚል ጥያቄን ቤታቸው አላለማመዳቸውም ነበር።

በአገር ውስጥ ደግሞ ሚያዝያ 1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው አንደኛ ደረጃን እንዲማር ደነገገ። ለሐዲያ ይህ ከ1936 ደንብ ወዲህ ትልቁ መገልበጥ ነው። ልጁ ክፍል ገብቶ መምህሩ በእናቱ ቋንቋ ሲናገር ሰማ። መጽሐፉ ላይ እንሰት፣ ላም፣ ያሆዴ የሚባለው የሐዲያ ዘመን መለወጫ በዓል ተሳሉ። ለዝም ያለው ልጅ አፍ ተከፈተለት ማለት ይቻላል።

ግን ሐዲይኛው በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ተወስኖ ነበር። የአናባቢ ርዝመትንና የተነባቢ ጥብቀትን ለማሳየት ላቲኑ ይመቻል የሚለው ክርክር በቋንቋ ባለሙያዎች ዘንድ የሚናቅ አልነበረም፤ ፖለቲካውም ያንን ይገፋ ነበር። ምድጃው ዳር የሆነውን ግን ማንም በስብሰባ ላይ አልጠየቀም። ከአሥር ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ በግዕዝ ፊደል ሐዲይኛ ማንበብ የለመደችው እናት የልጇን ደብተር ስትከፍት የገዛ ቋንቋዋን ማንበብ አቃታት። ባሏ አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያነብባል፤ ልጃቸው በላቲን ሐዲይኛ ይጽፋል፤ ጥቂት ክፍል ቆይቶ አማርኛው በፊደሉ ይጨመርበታል፤ በብዙ የደቡብ ዞኖች ደግሞ አምስተኛ ክፍል ሲደርስ ሳይንስና ሒሳቡ ወደ እንግሊዝኛ ይዛወር ነበር። በዚህ ጸሐፊ ግምት ለሐዲያ ልጅ ንባብ ከባድ የሆነው በቋንቋዎቹ ብዛት ሳይሆን ቤት ውስጥ የሚያግዘው ሰው እንደገና ስላጣ ነው።

ሕዝብ ለቤቱ ቋንቋ ያለው ስሜት ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ በ1992 ጎረቤት ወላይታ ውስጥ ታየ። የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጀው የመማሪያ መጽሐፍ ሶዶ ላይ ብጥብጥ አስነሣ፤ ሰው ሞተ፣ መጽሐፉም ተሰበሰበ። ወላጆቹ የተቃወሙት ልጃቸው ቤት የማይነገር ቋንቋ ይዞ እንዳይመጣ ነበር።

ከ1993 እስከ 2008፦ ጨውና ራንድ

በዚህ ዘመን ልጆችን የለወጡት ሁለት ነገሮች ከትምህርት ቤት አጥር ውጭ ነበሩ።

አንዱ ጨው ነው። የአሰብ ጨው አዮዲን ይጨመርበት ነበር፤ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲመጣ ያ መንገድ ተዘጋና ከአፍዴራ ሐይቅ የሚወጣው ያልታከመ ጨው ገበያውን ሞላው። አዮዲን ያጠረው ማኅፀን ውስጥ ያለ ልጅ አእምሮው ገና ከመወለዱ በፊት ይጎዳል፤ በሲዳማ ገጠር በእናቶችና በአምስት ዓመት ልጆቻቸው ላይ የተደረገ ጥናት ችግሩ በጎረቤት አካባቢ መኖሩን አሳይቷል። የቆጮ ገበታ ደግሞ ሆድ ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው፤ ወተት፣ አይብና ጎመን ከጎኑ ካልጠፉ ነው ልጅ የሚጠነክረው፤ መሬት ሲጠብና ላም ሲቀንስ መጀመሪያ የሚጠፋው ወተቱና አይቡ ነው። በ2003 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀመው ቤተሰብ በአገር ደረጃ 15 በመቶ ብቻ ነበር። ጨው በአዮዲን እንዲታከም የሚያስገድደው ደንብ ወጣ፤ በ2008 ቁጥሩ 89 በመቶ ደረሰ። ከ1992 እስከ 2008 ደግሞ ቁመታቸው የቀነጨረ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከ58 ወደ 38 በመቶ ወረዱ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሦስት ሺህ ኢትዮጵያውያን ልጆችን የተከታተለው ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናትም በልጅነታቸው ቀንጭረው በኋላ ያገገሙት ቀንጭረው ከቀሩት የተሻለ የፈተና ውጤት እንዳላቸው አግኝቷል። ያ ሁሉ ለውጥ የተካሄደው ማድቤት ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ደቡብ አፍሪካ ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሐዲያና የከምባታ ወጣት በሞያሌ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ እያቋረጠ መሄድ ጀመረ፤ ሶሮ ከዋነኞቹ መነሻዎች አንዱ ሆነ። ጊምቢቹና ሆሳዕና ላይ ፎቅ ወጣ፣ ሱቅ ተከፈተ፣ ሚኒባስ ተገዛ። ቤቱ ለልጁ የሚያሳየው ተስፋ ተለወጠ። ዲግሪ ያለው መምህር የቤት ኪራይ ሲቸግረው፣ ስምንተኛ ክፍል አቋርጦ የሄደው ጎረቤት ለእናቱ ቤት ይሠራል። አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ይህን አይቶ ነው ከመጽሐፉ ፊት የሚቀመጠው። የሐዲያን ፍልሰት ያጠናው ደረጀ ፈይሳም ጉዞው ከድህነት ብቻ የሚመጣ ሳይሆን የማኅበራዊ ክብር ጉዳይም መሆኑን ጽፏል፤ በአንድ ወቅት መቶ ከብት ያስገኘው የነበረው ክብር አሁን በራንድ የተሠራ ቤት ላይ ሰፈረ ማለት ነው።

ሰኔ 2004 ታንዛኒያ ውስጥ 43 ኢትዮጵያውያን በጭነት መኪና ታፍነው ሞቱ። መጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ በአንድ ኮንቴይነር 64 ሰዎች ሬሳ ሆነው ተገኙ። ወላጆች እነዚህን ዜናዎች ያውቋቸዋል፤ ቢሆንም መሬት የሚሸጥለት፣ ዕቁብ የሚሰበሰብለት ልጅ አልቀረም። ትልቁ ወንድም ሲሄድ ከብት ጥበቃው ወደ ታናሹ ይወርዳል፤ አባት ከሄደ ደግሞ የቤቱ ልጆች ምክሩን የሚሰሙት በስልክ ነው። በሌላ በኩል ለታናናሾቹ ክፍያ፣ ለደብተርና ለምግብ የሚመጣውም ያው ገንዘብ ነው። ፍልሰቱ አንድን ልጅ ከትምህርት ያስወጣል፣ በዚያው ቤት ሌላውን ያስገባል።

ከ2002 ወዲህ፦ የንባብ መለኪያና ኦ ክላስ

በ2002 በአገሪቱ የተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ ንባብ ምዘና ብዙዎችን አስደነገጠ። ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሦስተኛው እጅ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻለም። በሲዳምኛ የተፈተኑት ውስጥ ይህ ከሁለት ሦስተኛ አለፈ። ልጆቹ ተመዝግበዋል፣ ክፍልም ገብተዋል፤ ንባቡ ግን የለም። ከዚያ በኋላ በሰባት ቋንቋዎች አዲስ የንባብ መጽሐፍ ሲዘጋጅ ሐዲይኛ አንዱ ሆኖ ተመረጠ። መጽሐፎቹ ከድምፅ ጀምረው ወደ ቃል፣ ከቃል ወደ ታሪክ የሚሄዱ ነበሩ፤ የባሊሻ እናቶች በአፋቸው የሚያደርጉት ነገር አሁን በወረቀት ላይ ሆነ።

ምዘናው በተካሄደበት በ2002 የወጣው የቅድመ ልጅነት ፖሊሲ ማዕቀፍ መዋዕለ ሕፃናት ለሌላቸው ገጠሮች ሁለት መንገድ አመቻቸ፦ በመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የሚከፈት ኦ ክላስና ትልልቆቹ ልጆች ትንንሾቹን የሚያለማምዱበት ዘዴ። ሁለተኛው ለሐዲያ ቤት አዲስ ነገር አልነበረም፤ ትልቋ እህት ታናሿን አዝላ፣ እያጫወተችና እየቆጠረች ማሳደጓ የቆየ ነው። ኦ ክላሱ ግን ብዙ ጊዜ ከስድሳ የሚበልጡ ልጆች በአንድ መምህር ሥር የሚቀመጡበት፣ መጫወቻው አሸዋና ጠጠር የሆነበት ክፍል ሆነ።

መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤት ዋሉ። ለከተማው ልጅ ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌግራም ተላለፈ። የገጠሩ ልጅ ወደ እንሰቱ ተመለሰ።

በ2015 መጀመሪያ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ተፈትነው ማለፊያውን ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲገለጽ፣ ወላጆች መጀመሪያ የተቆጡት በፈተናው ነበር። ቆየት ብሎ ቁጣው ወደ ታች፣ ወደ አንደኛ ክፍል ዞረ። የ2015 የትምህርት ፖሊሲ ሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛን የትምህርት ሥርዓቱ አካል አደረገ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና መቀመጫው ሆነች፤ ከተማዋም ከ2004 ጀምሮ የሚያስተምር የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አላት።

የጊምቢቹ ወላጅ ዛሬ ያለው ምርጫ ከዚህ ሁሉ የተጠራቀመ ነው። የመንግሥቱ ኦ ክላስ በነፃ ነው፤ በሐዲይኛ ያስተምራል፤ ልጁ ከአያቱ ጋር የሚያወራበት ቋንቋ ነው። ከደቡብ አፍሪካ በሚላክ ገንዘብ የሚከፈልበት የግል መዋዕለ ሕፃናት ደግሞ አማርኛና እንግሊዝኛ ይጀምርለታል፤ ልጁ ማታ ቤት ሲመጣ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምራል፤ አባቱ በቪዲዮ ከጆሃንስበርግ ሆኖ ያጨበጭባል። አያቱ መዝሙሩን አታውቀውም። እሷ የያዘችው እንቆቅልሽ፣ የትውልድ ቆጠራና የእንሰት ዝርያዎች ስም ነው፤ አንዳንድ ቤት ውስጥ ልጁ ሁለቱንም ይሰማል፣ አንዳንዱ ቤት ውስጥ ደግሞ ስልኩ ብቻ ይሰማል።